ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ሲሞት፦ መልሶ መሥራት፣ ማሳደግ እና ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ

የአደጋው ምልክት ብዙውን ጊዜ ድምፅ ነው። መኪናው ዳገት እየወጣ ወይም ሌላ ተሽከርካሪ እየቀደመ ሳለ ከሞተሩ ሥር የመዶሻ ምት የሚመስል ኳኳታ ይሰማል፤ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥርም ይፈጥናል። በዳሽቦርዱ ላይ የዘይት መብራት ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አሽከርካሪው ዳር ይዞ እስኪቆም ድረስ ጉዳቱ ከተራ ጥገና አልፎ ሙሉ እድሳት የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ፊት ሁለት ፈተናዎች ይደቀናሉ። አንደኛው የተገኘውን ያገለገለ ሞተር በፍጥነት ገዝቶ መግጠም ነው። ሁለተኛው "ከተፈታ አይቀር" ብሎ ከቀድሞው የበረታ ሞተር መሥራት ነው። ሁለቱም መንገዶች ሊያዋጡ ይችላሉ። ሁለቱም ግን አንድን ጥያቄ ዘልለው ከተጀመሩ መጨረሻቸው ተመሳሳይ ይሆናል፦ የቀድሞውን ሞተር የገደለው ምን ነበር?

ጥያቄው በምሥራቅ አፍሪካ ክብደት አለው። በኬንያ ከጃፓን የሚገቡ ያገለገሉ ሱባሩ መኪኖች፣ በተለይም ባለ ቱርቦዎቹ፣ ብዙ ወዳጆች አሏቸው። ኢትዮጵያ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በአገሪቱ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ከእንግዲህ የሚኖሩት በጥገናና በእድሳት ነው። በአግባቡ የታደሰ ሞተር ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ በአግባቡ ያልታደሰው ግን የአንድን ቤተሰብ ቁጠባ ይዞ ይሄዳል።

ቱርቦ ምን ይሠራል?

ሞተር ኃይል የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። ብዙ ነዳጅ ለማቃጠል ብዙ አየር ያስፈልጋል። ቱርቦ በጭስ ማውጫው በኩል ሊባክን የነበረውን የጋለ ጭስ ጉልበት ተጠቅሞ አንድ መዘውር ያሽከረክራል፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ሁለተኛው መዘውር ደግሞ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ለዚህ ሐሳብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1905 ነበር። ቱርቦ የተገጠመላቸው የቤት መኪኖች ለገበያ የቀረቡት ግን በ1962 ሲሆን፣ እነርሱም የአሜሪካዎቹ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር እና ሼቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር ናቸው።

የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። በቤንዚን ሞተር ላይ በአንድ ወገኑ የሚያልፈው ጭስ ሙቀት 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ አልፎም ሊሄድ ይችላል። በአብዛኞቹ ቱርቦዎች ይህ ዘንግ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሴኮንዶች ቢቋረጥ ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል።

በሌላ በኩል አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። 25 ዲግሪ የነበረ አየር በባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኩለር የሚባለው ማቀዝቀዣ በቱርቦውና በሞተሩ መካከል የሚቀመጠው ይህን ሙቀት ለመቀነስ ነው።

ደጋና ቆላ

ቱርቦ ለዚህ ቀጣና የተለየ ጠቀሜታ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ናይሮቢም በአንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ይላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር ጨምቆ ይተካል።

ይህ ያለ ዋጋ የሚገኝ ጥቅም አይደለም። በባሕር ዳርቻ ከአካባቢው አየር በላይ የ1 ባር ጭማሪ ለመስጠት ቱርቦው አየሩን ሁለት እጥፍ ይጨምቃል። በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ጭማሪ ለመስጠት 2.3 እጥፍ መጨመቅ ይኖርበታል። ስለዚህ በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ አየሩንም የበለጠ ያሞቃል። ናይሮቢ ላይ ማስተካከያ የተደረገለት መኪና ወደ ሞምባሳ ሲወርድ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅቡቲ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሁኔታ ያጋጥመዋል። የግፊት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር መጠን ጨምሯል፤ የአካባቢው ሙቀትም ከፍ ብሏል። ደጋ ላይ ጤነኛ የነበረ ማስተካከያ ቆላ ላይ ሞተር ሊሰብር ይችላል።

የኢጄ ሞተር ታሪክ

የቱርቦ ሞተርን ሞትና ትንሣኤ ለማስረዳት ከሱባሩ የኢጄ ሞተር ቤተሰብ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ኢጄ በ1989 ከሌጋሲ መኪና ጋር ተዋወቀ፤ ኋላም ኢምፕሬዛንና ፎረስተርን ጨምሮ በበርካታ ሞዴሎች ላይ ተገጠመ። አራቱ ፒስተኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ተጋድመው ይሠራሉ። ኢጄ20 የሚባለው 1,994፣ ኢጄ25 የሚባለው ደግሞ 2,457 ሲሲ ይዘት አላቸው።

የዚህ ሞተር ዝና በቀጣናው የተተከለው በሳፋሪ ራሊ ነው። ኮሊን ማክሬ በ1997፣ ሪቻርድ በርንስ ደግሞ በ2000 የኬንያውን ውድድር በሱባሩ ኢምፕሬዛ አሸንፈዋል። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1989 መጀመሪያ፣ ባለ ቱርቦ ሌጋሲ በአሜሪካ አሪዞና የሙከራ ሜዳ ላይ በሰዓት በአማካይ 223 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር በመሸፈን የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል።

ይሁንና ይኸው ሞተር፣ በተለይም ባለ ቱርቦው ኢጄ25፣ በጥገና ቤቶች ዘንድ በሁለት ሕመሞች ይታወቃል፤ በፒስተን መሰበርና በብሮንዝ መበላት። አንድ የሞተር ቤተሰብ በአንድ በኩል ክብረ ወሰን ሰብሮ በሌላ በኩል በመንደር መንገድ የሚሞት ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው ስሙ ሳይሆን የሚደረግለት እንክብካቤ፣ የሚሰጠው ነዳጅና የሚጫንበት ጫና ነው።

ሦስቱ ገዳዮች

የመጀመሪያው ገዳይ ያለ አግባብ መፈንዳት ነው። በጤነኛ ሞተር ውስጥ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ በሥርዓት ይስፋፋል። የነዳጁ ኦክቴን ዝቅተኛ ሲሆን፣ የሚገባው አየር ሲሞቅ ወይም ነዳጁ ሲያንስ ግን፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ፍንዳታው ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታል። በኢጄ25 ላይ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ፋሻ የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶች በተቀመጡባቸው ቦዮች መካከል ባለው ስስ ግድግዳ ላይ ነው። ፋብሪካው የሚገጥመው ፒስተን በቀለጠ አሉሚኒየም ተቀርጾ የሚሠራ በመሆኑ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ግድግዳው ሲሰበር ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ዘይት ይበላል፤ ሰማያዊ ጭስም ያወጣል።

እዚህ ላይ የነዳጅ ጉዳይ ይነሣል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ ባለ ቱርቦ መኪኖች የተስተካከሉት እዚያ ለሚሸጠው፣ ኦክቴኑ ወደ 100 ለሚጠጋ ከፍተኛ ደረጃ ቤንዚን ነው። ያው መኪና ከዚያ ያነሰ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሲሞላ የሞተሩ ኮምፒውተር በተወሰነ ደረጃ ራሱን ያስተካክላል፤ ነገር ግን አቅሙ ወሰን አለው።

ሁለተኛው ገዳይ የዘይት እጦት ነው። ፒስተኑን ከኮሎው፣ ማለትም የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር ከሚለውጠው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ቤላ ይባላል። በቤላውና በኮሎው መካከል ብሮንዝ የሚባሉ ስስ ንጣፎች አሉ፤ በእነርሱና በኮሎው መካከል ያለው ክፍተትም ከሰው ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ግፊት ያለው ዘይት ነው። የዘይት መጠን መጉደል፣ የተበላሸ ወይም የቀጠነ ዘይት፣ ወይም ከኮፓው ዘይት የሚስበው ቱቦ መሰንጠቅ ንጣፉን ይበላዋል። የኢጄ ሞተር የሚይዘው ዘይት 4 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። መኪናው በኃይል ሲታጠፍ የቀረው ዘይት ወደ ኮፓው ዳር ሸሽቶ ቱቦው አየር ሊስብ ይችላል።

ሦስተኛው ገዳይ ሙቀት ነው። የራዲያተር ውሃ መጉደል፣ የደከመ ቴርሞስታት ወይም የማይዞር ማቀዝቀዣ የሞተሩን ክዳን፣ ማለትም ቴስታታውን፣ ያጣምማል። ከዚያም በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይለቃል። የማይፈስ የሚመስለው ውሃ ቀስ በቀስ ወደ እሳቱ ክፍል ወይም ወደ ዘይቱ ይገባል።

ቱርቦው ራሱ ብዙ ጊዜ ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተጎጂ ነው። ብሮንዝ ሲበላ የብረት ብናኝ በዘይቱ ውስጥ ይዞራል፤ የቱርቦውን ዘንግም ይፍቃል። በአንዳንድ የሱባሩ ሞተሮች ላይ ወደ ቱርቦው በሚሄደው የዘይት መስመር ውስጥ ትንሽ ማጣሪያ አለች። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ እርሷ ትደፈናለች፤ ቱርቦውም በጥም ይሞታል።

ምርመራ ከመፍቻ ይቀድማል

ሞተሩ ኳኳታ ከጀመረ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያባብሳል። ሊዳን ይችል የነበረ ኮሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። የሚያንኳኳ መኪና ወደ ጋራዥ መሄድ ያለበት ተጎትቶ ነው።

ኳኳታ ለሌለውና ጉልበት ላጣ ወይም ለሚያጨስ ሞተር ሁለት ፍተሻዎች አሉ። አንደኛው በየሲሊንደሩ ያለውን የእመቃ ግፊት መለካት ነው። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካነሰ ችግር አለ ማለት ነው። ሁለተኛው በተዘጋ ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር አስገብቶ የት እንደሚያመልጥ ማዳመጥ ነው። በዘይት መሙያው በኩል ከተነፈሰ ፋሻው ወይም ፒስተኑ፣ በጭስ ማውጫው ከተነፈሰ የጭስ ቫልቩ፣ በአየር ማስገቢያው ከሆነ የአየር ቫልቩ ተጠርጣሪ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ነው።

ሞተሩ ከተፈታ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል ምስክር ነው። የዘይት ማጣሪያው ተቀድዶ ሲታይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከተገኘ ብሮንዝ መበላቱን ይናገራል። የፒስተኑ ራስ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተነቅሶ ከሆነ ያለ አግባብ መፈንዳት ነበር። ሁሉም ብሮንዞች እኩል ተፍቀው ከሆነ የዘይት ግፊቱ በጠቅላላ ወድቋል። አንዱ ብቻ ተቃጥሎ ሌሎቹ ጤነኛ ከሆኑ ግን ምክንያቱ በዚያ ቦታ መፈለግ አለበት። ስለዚህ የወጡ ዕቃዎችን በየተራቸው ቁጥር ሰጥቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። "ተበላሽቷልና ይጣል" የተባለው ዕቃ የሞቱን ምክንያት ይዞ ይጣላል።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ያገለገለ ሞተር መግዛት ነው። በናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድና ግሮጋን፣ በካምፓላ ኪሴካ ገበያ፣ በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ ፈላጊዎች የታወቁ ስፍራዎች ናቸው። የሻርጃ ገበያም ለቀጣናው ዋነኛ ምንጭ ነው። ይህ መንገድ ፈጣንና ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ነገር ግን የሞተሩ ታሪክ አይታወቅም። ገዢ ቢያንስ ግፊቱን ማስለካት፣ ኮፓውን አስወርዶ ውስጡን ማየት፣ ቺንጋውንና የዘይት ማኅተሞቹን ከመግጠሙ በፊት መቀየር ይኖርበታል። የኢጄ ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ሊጋጩ ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ የተገጣጠመ የታችኛውን የሞተር ክፍል ገዝቶ የቀድሞዎቹን ቴስታታዎች አስተካክሎ መግጠም ነው። ውድ ቢሆንም ልኬቶቹ በፋብሪካ ይረጋገጣሉ።

ሦስተኛው መንገድ ራሱን ሞተሩን መልሶ መሥራት ነው። ይህ የሚያዋጣው የሲሊንደሩ አካልና ኮሎው ሊስተካከሉ የሚችሉ ሲሆኑ፣ በትክክል የሚለካ የቶርኖ ቤት ሲገኝ ነው። መለኪያ በሌለበት የሚሠራ እድሳት ግምት እንጂ እድሳት አይደለም።

ሥራው የሚጠይቀው

የመልሶ ሥራ ልብ ልኬት ነው። የሲሊንደሩ ክብነት፣ የኮሎው ውፍረት፣ የብሮንዙ ክፍተት የሚለኩት በሚሊሜትር መቶኛ ነው። የኮሎው የቤላ መቀመጫ ውፍረት 52 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለዚህ የሚፈለገው የዘይት ክፍተት በ0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ዘይት አይገባም፤ ከሰፋ ደግሞ ግፊት አይኖርም። ጥንቃቄ ያለው ሠራተኛ በማይክሮሜትር ከለካ በኋላ፣ ሲጨፈለቅ ስፋቱ የሚነበብ ስስ የፕላስቲክ ክር አስገብቶ ውጤቱን ያመሳክራል።

ፋሻዎቹ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲቀመጡ በሁለቱ ጫፎቻቸው መካከል ክፍተት ይተዋል። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ሙቀቱ ስለሚበዛ ይህ ክፍተት ቱርቦ ከሌለው ሰፋ ማለት አለበት። ጫፎቹ በሙቀት ተለጥጠው ከተገናኙ ፋሻው ሲሊንደሩን ይቧጥጣል፤ ፒስተኑንም ይሰብራል።

ቴስታታው ጠፍጣፋ መሆኑ በቀጥ መለኪያ ይረጋገጣል። ከብረት ንብርብሮች የሚሠራው ዘመናዊ ጓርኒሲዮን እጅግ ለስላሳ ገጽ ይፈልጋል። በእጅ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ለዚህ አይበቃም። ቡሎኖቹም በቅደም ተከተልና በልክ በሚያጠብቅ መፍቻ መታሰር አለባቸው።

ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የሚረሳው ጽዳት ነው። ብሮንዝ ከተበላ የብረት ብናኙ በዘይት መተላለፊያዎች፣ በቱርቦው፣ በቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ መስመሮችና በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ ተደብቋል። የሞተሩ አካል የመተላለፊያ መድፈኛዎቹ ወጥተው በብሩሽና በሳሙና ይታጠባል። የዘይት ማቀዝቀዣው ግን ውስጡ ጠባብና ጥምዝምዝ በመሆኑ ታጥቦ አይጸዳም፤ በአዲስ መተካት አለበት። አሮጌውን ማቀዝቀዣ በአዲስ ሞተር ላይ የገጠመ ሰው የቀድሞውን ሞተር ብናኝ ለአዲሱ አጠጥቶታል።

ማሳደግ በምን ቅደም ተከተል?

"ከተፈታ አይቀር" የሚለው ሐሳብ በራሱ ስሕተት አይደለም። ሞተሩ ክፍት ሳለ የሚደረግ ማሻሻያ የእጅ ሥራ ዋጋን ይቆጥባል። ስሕተቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ብዙዎች የሚጀምሩት ከትልቅ ቱርቦና ከሰፊ ጭስ ማውጫ ነው። እነዚህ ኃይል ይጨምራሉ፤ ሞተሩ ግን ያንን ኃይል የሚሸከምበትን አቅም አይሰጡትም።

የመጀመሪያው ደረጃ ዘይት ነው። የተጠናከረ የዘይት መሳቢያ ቱቦ፣ ዘይት እንዳይሸሽ የሚከለክሉ ግድግዳዎች ያሉት ኮፓ፣ የሚታመን ፓምፕና የዘይት ግፊት መለኪያ ከማንኛውም የኃይል ማሻሻያ ይቀድማሉ። የዳሽቦርዱ መብራት የሚበራው ግፊቱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ መለኪያ ግን ሲወርድ ያሳያል።

ሁለተኛው ደረጃ ሙቀት ነው። ጤነኛ ራዲያተር፣ የተሻለ ኢንተርኩለር፣ እንዲሁም ከሞተሩ የሚወጣውን የዘይት ተን የሚያጠራቅም ዕቃ እዚህ ይመደባሉ። የዘይት ተን ወደ አየር ማስገቢያው ሲመለስ የድብልቁን የኦክቴን አቅም ይቀንሳል፤ ያለ አግባብ መፈንዳትንም ያቀርባል።

ሦስተኛው ደረጃ ነዳጅ ነው። አየር ሲጨምር ነዳጅም መጨመር አለበት። ቤንዚን በትክክል የሚቃጠለው አንድ እጅ ነዳጅ ከ14.7 እጅ አየር ጋር በክብደት ሲቀላቀል ነው። በቱርቦ ሙሉ ግፊት ላይ ግን ሙቀቱን ለመቀነስ አየሩ ወደ 11 ወይም 12 እጅ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ ይህን ማቅረብ ካልቻሉ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሙቀቱ ያሻቅባል፤ ፒስተኑም ይቀልጣል።

አራተኛው ደረጃ የውስጥ ክፍሎች ናቸው። በግፊት ተቀጥቅጦ የሚሠራ ፒስተን ከተቀረጸው ይልቅ ምትን ይችላል። የዚህም ሁለት ዋነኛ ዓይነቶች አሉ። 4032 የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ሲሊከን ስላለው በሙቀት ብዙ አይለጠጥም፤ ለዕለት ተዕለት መኪና ይስማማል። 2618 የሚባለው ይበልጥ ምት ይችላል፤ ነገር ግን ስለሚለጠጥ ሰፋ ያለ ክፍተት ይሻል፤ ሞተሩ እስኪሞቅም ድረስ ድምፅ ያሰማል። ጠንካራ ፒስተን ያለ አግባብ መፈንዳትን አያስቀርም። የሚሰጠው ጥቂት ተጨማሪ ዕድሜ ብቻ ነው።

ቱርቦው በመጨረሻ ይመጣል። በከተማ ለሚውል መኪና ፈጥኖ ግፊት የሚሰጥ መካከለኛ ቱርቦ በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ከሚነቃ ትልቅ ቱርቦ ይሻላል። ኃይል ሲጨምር ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ጎማም አብረው መታሰብ አለባቸው። ሊቆም የማይችል ፈጣን መኪና አደጋው ለባለቤቱ ብቻ አይደለም።

የኮምፒውተሩ ማስተካከያ

የአየር ማስገቢያው፣ ኢንጀክተሩ ወይም ቱርቦው ከተለወጠ የሞተሩ ኮምፒውተር የሚሠራበት ሰንጠረዥ ሐሰት ሆኗል። ኮምፒውተሩ በአሮጌ ካርታ አዲስ አገር እንደሚጓዝ መንገደኛ ነው። ስለዚህ መኪናው ከመነዳቱ በፊት ቢያንስ መነሻ ማስተካከያ፣ ከዚያም በኃይል መለኪያ ማሽን ላይ ወይም ጥንቃቄ በተሞላበት የመንገድ ሙከራ የተሟላ ማስተካከያ ያስፈልገዋል።

ይህ ሥራ የሚሠራው ባለቤቱ በየዕለቱ በሚሞላው ቤንዚን ነው። ለሙከራው ቀን የተሻለ ነዳጅ ሞልቶ በማግስቱ ወደ ተለመደው መመለስ ሞተሩን ለአደጋ ያጋልጣል። የጭሱን ድብልቅ የሚለካ መሣሪያና የሞተሩን የመፈንዳት ምልክት የሚያዳምጥ ሠራተኛ ከሌሉ፣ ከኢንተርኔት የተወረደ የሌላ መኪና ማስተካከያ መጫን ቁማር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች

አዲስ የተሠራ ሞተር በቀጥታ አይነሣም። መጀመሪያ እሳትና ነዳጅ ተቋርጦ በሞተሪኖው ብቻ እየተዞረ የዘይት ግፊት እስኪታይ ይጠበቃል። ከተነሣ በኋላ ፍሳሽ፣ ሙቀትና ግፊት ይታያሉ። ብዙ ሠራተኞች ለመጀመሪያው ጊዜ ተራ የማዕድን ዘይት ይመርጣሉ። ፋሻዎቹ ከሲሊንደሩ ጋር እንዲላመዱም ፍጥነቱን እየለዋወጡ፣ መጠነኛ ጫና እየሰጡ መንዳትን ይመክራሉ። ለረጅም ሰዓት ቆሞ መሥራትም ሆነ ሙሉ የቱርቦ ግፊት በዚህ ወቅት ጎጂ ናቸው።

የመጀመሪያው ዘይት በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች፣ ሁለተኛው በጥቂት መቶዎች ውስጥ ይቀየራል። ማጣሪያው በየጊዜው ተቀድዶ ይታያል። በመጀመሪያው ላይ ጥቂት ብናኝ የተለመደ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ከቀጠለ ግን ሞተሩ ከመሞቱ በፊት እየተናገረ ነው።

የናፍጣ መኪኖችስ?

በቀጣናው ከሚጓዙት ቱርቦዎች ብዙዎቹ የሚገኙት በናፍጣ ተሽከርካሪዎች ላይ ነው። መርሑ አንድ ቢሆንም አንድ ቁልፍ ልዩነት አለ። የቤንዚን ሞተር በሙሉ ግፊት ላይ ነዳጅ ሲያንሰው ይግላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ነዳጅ ሲበዛበት ይግላል። ስለዚህ የናፍጣ ፓምፑን ከፍቶ ጥቁር ጭስ እያስወጡ "ጉልበት ጨመረ" ማለት ፒስተኑን እያቀለጡ መደሰት ነው።

በገጠር መንገዶች የሚታወቀው የላንድክሩዘር 70 ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተነደፈ ሲሆን የእመቃ መጠኑም ከፍተኛ ነው። ቱርቦ የሚጨምሩለት ሰዎች ግፊቱን ዝቅ አድርገው መያዝና የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ መግጠም ይኖርባቸዋል።

የናፍጣ ሞተር ሌላም አደጋ አለው። የቱርቦው ማኅተም ተበልቶ ዘይት ወደ አየር ማስገቢያው ከገባ ሞተሩ የገዛ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ማቃጠል ይጀምራል። ያኔ ቁልፍ ማጥፋት አያቆመውም፤ ፍጥነቱ እስኪሰበር ይጨምራል። የእጅ ካምቢዮ ያለው መኪና ፍሬን ተይዞ፣ ከፍተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ሊታፈን ይችላል። እጅን ወደ አየር ማስገቢያው ማቅረብ ግን ለከባድ ጉዳት ይዳርጋል።

ከሥራው በኋላ

በአግባቡ የተሠራ የቱርቦ ሞተር ከባለቤቱ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ነዳጅ በተሞላ ቁጥር የዘይት መጠን ማየት፣ ዘይቱን በጊዜው መቀየር፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ጉልበት አለመጠየቅ፣ ከዳገት ወይም ከፈጣን ጉዞ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆሞ እንዲሠራ ማድረግ ዋነኞቹ ናቸው። የመጨረሻው ልማድ በቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እንዳይጠጥር ይረዳል።

ጋራዥ ለሚመርጥ ባለቤት ደግሞ "ምን ያህል የፈረስ ጉልበት ታወጡልኛላችሁ?" ከሚለው ይልቅ የሚጠቅሙ ጥያቄዎች አሉ። የቀድሞው ሞተር ለምን ሞተ? ማስረጃው የትኛው ዕቃ ላይ ይታያል? የብሮንዙና የፋሻው ክፍተት ስንት ሆኖ ተለካ? የዘይት ማቀዝቀዣው ተቀይሯል? ልኬቶቹ በወረቀት ላይ ይሰጡኛል? ለእነዚህ በቁጥር የሚመልስ ሠራተኛ ዋጋው ከፍ ቢልም በመጨረሻ ርካሽ ሆኖ ይገኛል። "እኔን እመነኝ" ብቻ የሚል ግን ባለቤቱን እንደገና ተጎታች መኪና ፍለጋ ሊልከው ይችላል።